እርስዎ አውሬ

የዚያን ዕለት ጠዋት አሥር ፎቅ የሚያህለውን አውሬ «እርስዎ» አልኩት። ካሜራ ፊት፣ በሙሉ ድምፄ፣ ጎረቤት እየሰማ።

በወጣትነቴ አንድ ግዙፍ አውሬ ከተማ ሲያፈርስ በሚያሳይ ፊልም ላይ ተጫውቼ ነበር። ተጫውቼ ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ ሮጥኩ፣ ተደናቀፍኩ፣ ተበላሁ። በዚያ ፊልም ቀድሞኝ የተበላ ሰው የለም። አሁን ያው ፊልም እንደ አዲስ ሲሠራ ዳይሬክተሯ አፈላልጋ አገኘችኝ። በዚህኛው ሰፈር ሁሉ ሲሸሽ ብቻውን አውሬው ፊት የሚቆም ሽማግሌ ነኝ። ጉልበቴን ሳታይ ነው የመረጠችኝ።

ቀረጻው እዚሁ ልደታ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጀርባ በሚሠራ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ነበር። ወሬውን እኔው ስለነዛሁት ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቷል። አውሬው በኋላ በኮምፒዩተር ይገባል ተብሏል፤ ለጊዜው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። እንጨቱን ይዘው መወጣጫው ላይ የቆሙት የግቢው ጥበቃ፣ ወሎዬው ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም «ሼህ» እንላቸዋለን። ረዳቶቹ ከፍታውን ፈርተው ሲገፋፉ እሳቸው «ወዲህ በሉት» ብለው ወጡ።

የምለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አንተ አውሬ! ሰፈሬን ረግጠህ አታልፍም!» ባለቤቴ «ቧንቧውን ነው እንዴ የምትቆጣው?» እስክትለኝ ድረስ ሻወር ቤት ውስጥ ስጮኸው ከርሜያለሁ።

ዳሩ ቀና ስል ከጀሪካኑ በላይ በሂና የቀላ ጢም አየሁ። ሼህ በዕድሜ ይበልጡኛል። እናቴ ታላቁን «አንተ» ያለ ልጅ አፍ ውስጥ ሚጥሚጣ ትጨምር ነበር፤ አንድ ጊዜ ቀምሻለሁ፣ ምላሴ እስካሁን አልረሳውም።

«እርስዎ አውሬ!» አልኩ። «ሰፈሬን ረግጠው አያልፉም!»

ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት፣ «ጋሼ፣ ይግቡ በሏቸው እንጂ! ደጅ አቁመው?» ስትል ኮንዶሚኒየሙ በሳቅ ተናጋ።

ከካሜራው ጀርባ ግን ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። የእኔኑ የመሰለ ጋቢ ለብሶ፣ የእኔኑ የመሰለ ከዘራ ይዞ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሌላ ሽማግሌ ተዋናይ። «ምናልባት ካመመዎት ብዬ ነው» ብላኛለች ዳይሬክተሯ። ከንፈሩ የእኔን መስመር ድምፅ ሳያሰማ ሲደግም ይታየኛል።

በሁለተኛው ሙከራ ጥርሴን ነክሼ ጀመርኩ። «አንተ አውሬ! ሰፈሬን ረግጠህ…» እዚህ ላይ ሼህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኔም «አያልፉም!» ብዬ ጨረስኩት። ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ ልመና።

አሁን የሳቀ የለም። ዳይሬክተሯ መጥታ ክንዴን ያዘች። «ጋሼ፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። በስድስት ኮንክሪት መሙላት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ግቢው የእኛ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው መሞከር የምንችለው። ካልሆነ…» አለችና ወደ ወንበሩ አየች።

ሰውየው ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሥቷል። እኔ የማስበው ስለ ፊልሙ አልነበረም፤ ወደ ቤቴ የሚያስወጣው አራት ፎቅ ደረጃ፣ በየበሩ ደግሞ አንገቱን አስግጎ «እንዴት ሆነልዎ?» የሚል ጎረቤት። ከዚህ በኋላ ደግሞ ማን ጠርቶኝ!

«ምነው ጃል?» አሉ ሼህ ከላይ። «ምን ያዘዎ?»

«ጢምዎ ይታየኛል ሼህ። አፌ እምቢ አለኝ።»

ጥምጣማቸውን ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። «አሁንስ?»

«አሁንም መኖርዎን አውቃለሁ።»

ጎንበስ ብለው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያው ስማኝ። አንቱታዬን አበድሬሃለሁ። ሥራህን ስትጨርስ፣ ሰው ፊት ትመልሳለህ። እስከዚያው እኔም አንተ እልሃለሁ፣ አንተም አንተ በለኝ» አሉኝ።

ወዲያው ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። መወጣጫው ሲጥ አለ። ጀሪካኑ እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ አልመጣም፤ ተወርውሮ ግንባሬ ላይ የሚያርፍ እስኪመስለኝ ድረስ ወረደ። እግሮቼ የሚያውቁት አንድ ሥራ ነው፣ ሮጦ መበላት፤ አንደኛው ወደ ኋላ ሊል ተረከዙን አንሥቶ ነበር። ከዘራዬን እጫማዬ ላይ ተከልኩበት። ያመኝን ያህል ጮኽኩ፦

«አንተ አውሬ! ሰፈሬን ረግጠህ አታልፍም!»

ጀሪካኑ ከአፍንጫዬ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ቆመ። ዳይሬክተሯ «ካት!» ለማለት እንኳ ዘገየች፤ ስትለው ከበረንዳው ጭብጨባ ወረደ፣ ወዲያውም የኮንክሪቱ ማደባለቂያ ማጓራት ጀመረ። ያ ሰውዬ ጋቢውን አጣጥፎ ባጠገቤ ሲያልፍ፣ «ዘንድሮስ ሳትበላ ቀረህ» አለኝ። እያነከስኩ ሳቅሁ።

ሼህ ከመወጣጫው ሲወርዱ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዕዳዬን ልመልስ ተዘጋጀሁ። «ሼህ፣ እር…» አልኩ። ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ጥምጣማቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ አየኋቸው። «እር… አንተ አውሬ!» አልኩና አቀፍኳቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሼህ የግቢውን የቆርቆሮ በር በዱላው ይመታል። «አንተ! አንቱታዬስ?» ይለኛል።

«ነገ» እለዋለሁ።