አክስቴ የጀልባዋን መሪ የያዘች ዕለት

ጋሼ ትከሻቸውን ታመሙ። ጋሼ የምላቸው የአክስቴን ባል ነው። ወሬውን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት በጎረቤታችን ስልክ፣ ከባሕር ዳር ከደወለችው ከአክስቴ ከእታታ ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ግቢያችን የተመለስሁት እየዘለልሁ ነበር። እናቴ ልብስ እያሰጣች ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ጋሼ ትከሻቸውን አሟቸዋል!"

"ውይ! የሰው ሕመም ያስጨፍራል እንዴ? እግዜርን አትፈሪም?"

"መሪውን ለእታታ ሰጧት እኮ!"

እናቴ እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "እንግዲያማ ቶሎ አይሻላቸው" አለች።

በሰው ሕመም የምንስቅ ክፉ ቤተሰብ እንዳንመስላችሁ ነገሩን ከጀልባዋ ልጀምር።

ጋሼ፣ አገራችን ባሕር በነበራት ጊዜ መርከበኛ ነበሩ። ይህን በየሰርጉና በየተዝካሩ ይናገራሉ። የማይናገሩት መርከቧ ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ነው። እሱን አክስቴ ነገረችኝ፤ የደንብ ልብስ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። ማዕበልን የሚያውቁት በመስኮት ነው። ባሕሩ ሲቀር ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው አክስቴን አገቡ። ከዚያ፣ ውሃ ሁሉ ትቶን ቁልቁል በሚወርድበት በዚህ ደጋ ላይ፣ በግቢያቸው ውስጥ ባለ ሸራ ጀልባ መሥራት ጀመሩ። የዋንዛ ሳንቃ ከይጁቤ በአህያ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ከዲማ የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ፣ "ጋሼ፣ እንስሳቱን መቼ ነው የሚያስገቧቸው?" ብሎ ጠየቃቸውና በፍልጥ ተባረረ።

አክስቴ ደግሞ የሮብ ገበያ ልጅ ናት፤ ውሃ የምታውቀው በእንስራ ነው። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። የጀልባዋን ሸራ ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጣ የሰፋችው እሷ ናት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠው "ባልሽን ምን ነካብሽ እቴ?" ሲሏት፣ "የኔ ያበደው ከግቢው ሳይወጣ ይውላል። ጤነኞቹ ባሎቻችሁ የት እንደሚያመሹ ግን እናንተው ታውቃላችሁ" ትላቸዋለች። ሁለተኛ የጠየቃት የለም።

በመጨረሻ ጀልባዋ በጭነት መኪና ተጭና ጣና ገባች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ክረምቱን ደብረ ማርቆስ፣ በጋውን ከደሴት ደሴት እየዞሩ ሐይቁ ላይ ይኖራሉ። ሰው ይህን ሲሰማ "እንዴት ያለ ፍቅር ነው!" ይላል። እኔ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አብሬያቸው ስለከረምሁ እንዴት ያለ እንደሆነ ልንገራችሁ።

የሚተኙባት ክፍል የኛን ቁም ሣጥን ታህላለች። አንዱ ለመገላበጥ የሌላውን ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ የምተኛው ከድስቱና ከሽንኩርቱ ጆንያ ጋር ነበር። ሲጣሉ በር ወርውሮ መውጣት የለም፤ ወዴት ይወጣል? ስለዚህ አክስቴ ፊቷን ወደ ጎንደር፣ ጋሼ ወደ ጎጃም አዙረው ይኮራረፋሉ። ነፋሱ ጀልባዋን ሲያሽከረክራት ግን ሳያውቁት አገር ይለዋወጣሉ።

ጋሼ ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ቁመታቸውም ድምፃቸውም ይጨምራል። አክስቴን በስሟ አይጠሯትም። "ሠራተኞች!" ነው የሚሏት፣ ብዙ ሰው ያሰለፉ ይመስል።

"ሠራተኞች! ሸራ ዝቅ!"

"ሠራተኞቹ ሽንኩርት እየከተፉ ነው።"

"ትእዛዝ ነው!"

"እንግዲያው ትእዛዙን ብላው፤ ወጡ ሊያርርብህ ነው።"

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የመሪው ነገር ነበር። አክስቴ ሸራውን ትሰፋለች፣ ትጥፋለች፣ ገመድ ትስባለች፣ የገባውን ውሃ ትቀዳለች፤ መሪውን ግን መንካት አይፈቀድላትም። "የሰፋሁት ሸራ ወዴት እንደሚወስደኝ አንድ ቀን እንኳ እኔ ልወስን" እያለች ለመነች። ስትለምን ሰምቻታለሁ፤ ያች ሰው የማትፈራ ሴት ድምጿ ያንሳል።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር። ጣና ላይ ሴት የማትገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ አክስቴም ታከብራለች። ጋሼ ግን ቅጥያ አላቸው። "ሴት መሪ የያዘችበት ጀልባ የገዳም ዳርቻ አይነካም። የቆየ ሕግ ነው" ይላሉ። ጣና ደግሞ በገዳም የተሞላ ነው። እንግዲህ አክስቴ መሪ የምትይዘው የት ነው? ደብረ ማርቆስ ግቢያቸው ውስጥ!

አንድ ቀን ሴት ከማትገባባቸው ደሴቶች አንዱ አጠገብ ቆምን። ጋሼ መልሕቁን ጥለው ገመዱን ቋጠሩና "ይህ የመርከበኛ ቋጠሮ ነው፤ ዝሆን አይፈታውም" አሉን። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ወደ ገዳሙ ወጡ። ተሳልሞ መመለስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ነገር ግን የመነኮሳቱ ዳቦና ጠላ ጋሼን ቶሎ እንደማይለቃቸው ከልምድ እናውቃለን። እኔና አክስቴ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን።

ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ዝሆን የማይፈታው ቋጠሮ ተፈታ። ቀና ስንል ደሴቱ እየራቀ ነው።

እኔ ዋና አልችልም። አክስቴም አትችልም። እልል ብዬ ጮህሁ፤ የደስታ እልልታ እንዳይመስላችሁ፣ የምጮኸው ጠፍቶኝ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው። አክስቴ መሪውን አየችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ አማተበች፣ ያዘችው። "ልጄ፣ ዝም በይና ያንን ገመድ ሳቢ!" ሳብሁ። ሸራው ተነፋ። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ወደ ጎን አዘነበለች፣ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ደሴቱ መለሰች። የአክስቴን ፊት ቀና ብዬ አየሁት። እየሳቀች ነበር፣ ያለ ድምፅ፣ ጥርሷ ብቻ።

ዳርቻው አጠገብ ስንደርስ ጋሼ ለበረከት የተሰጣቸውን ዳቦ ታቅፈው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። አክስቴ ሸራውን አስለቀቀችኝና ጥቂት ራቅ ብላ ቆመች።

"ጠጋ በይ እንጂ!" አሉ ጋሼ።

"አልችልም። ሴት የያዘችው ጀልባ ዳርቻ አይነካም።"

"አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?"

"ሕግ ነው። የቆየ።"

ጋሼ ወደ መነኩሴው ዞሩ። "አባታችን፣ እባክዎን ትጠጋ ይበሉልኝ።"

መነኩሴው መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው አሰቡ። "ሴት መሬቱን አትረግጥም እንጂ መሪ አትያዝ ያላት ማነው? ይህን ሕግ ከየት አገኘኸው ልጄ?"

ጋሼ ዳቦውን አዩት። ዳቦው ምንም አልመለሰላቸውም።

"ጠጋ በይ ልጄ" አሉ መነኩሴው ለአክስቴ። "ተቀብለሽው ሂጂ፤ ለእራትም እኛ ዘንድ ሊቀር ነው።"

ጋሼ እስከ ወገባቸው ውሃ ገብተው፣ ዳቦውን ራሳቸው ላይ ተሸክመው መጡ። አክስቴ ከመሪው አልተነሣችም። እሳቸው የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኩርፊያ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ባሕር ዳር ስንደርስ ጋሼ መሪውን ነጥቀው፣ "የመነኩሴ መሳቂያ የሆንሁባትን ጀልባ አልፈልግም፤ ትሸጣለች" አሉ። አክስቴ ሸራውን ጠቅልላ አሰረች። ወደ ደብረ ማርቆስ ልትሸኘኝ መናኸሪያ ስንሄድ ግን በመንገድ ሁሉ እጄን ጨብጣ ነበር፤ የምትጨብጠው እጄን ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑ ገብቶኛል። እኔም ያን ሰሞን መጽሐፍ ገልጬ የማየው ሐይቅ ነበር።

ቅዳሜ በስልክ የነገረችኝ ይህን ነው። ዓርብ ጠዋት አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዋን ሊገዛ መጣ። ጋሼ እያዞሩ አሳዩት፤ ሸራዋ የመኪና እንደሆነ፣ ውሃ እንደምታስገባ፣ ቋጠሮዋ እንደማይታመን አንድ በአንድ ነገሩት። ሰውዬው ተሰናብቶ ሄደ። ጋሼ በዓይናቸው ሸኙትና ቀኝ ትከሻቸውን ያዙ። "ቆረጠመኝ" አሉ። "እስቲ ለጊዜው መሪውን ያዢው።"

"ለጊዜው እስከ መቼ ነው?" አለቻቸው።

"እስኪሻለኝ ነዋ!"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በዚያው በታመመ ትከሻቸው አዲሱን መልሕቅ ብቻቸውን ጎትተው አወጡት። አክስቴም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ "ለሴት ጓደኞችሽ ሁሉ ንገሪያቸው፣ ይምጡ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ጓደኞቼ እናንተም ናችሁና ይኸው ነገርኋችሁ። ዝናቡ ሳይገባ ባሕር ዳር ኑ። ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ሸራዋ ሁለት ቦታ የተጣፈ አረንጓዴ ጀልባ ፈልጉ፤ ሌላ እንደሷ ያለ የለም። ስንቃችሁን ያዙ። ዋና የማትችል አየር የተነፋ የመኪና ጎማ ወገቧ ላይ ይታሰርላታል፤ አትፈሩ፣ እኔም እታሰርበታለሁ። መሪውን በየተራ ትይዛላችሁ፤ ወዴት እንደምንሄድም የያዘችው ትወስናለች። ወንዶችም ኑ፣ አክስቴ አትከለክልም። ተራችሁን ግን ጠብቁ።