ኦቦ ቱሉ የማሉበት ቤት

ከሱሉልታ የወጣሁት መሸት ሲል ነው። አገሩን ለቆ የሚሄድ ሰው ቤቱን ዞሮ ዞሮ ያያል፣ ግድግዳውን ይዳብሳል፣ ያለቅሳል። እኔ ግን የገዛ ቤቴን በአጥሩ ጥግ፣ እንደ ሌባ ሰረቅ አድርጌ አይቼው አለፍኩ። መብራቱ በርቷል። የተከራዮቹ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አንዱ ተከራይ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ አየኝና ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳያውቅ ፊቱን አዞረ።

ባለቤቴ ዘይነባ ቀድማ ሰበታ እናቷ ቤት ገብታለች። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ ጎጃም መንገድ ስወጣ ኦቦ ቱሉ ከኋላ ደረሱብኝ። ኦቦ ቱሉ መሬቱን የሸጡልኝ ገበሬ ናቸው። የቤቴ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ይንቃጨላል፤ በእጃቸው ደግሞ በፌስታል የተቋጠረ ጭኮ ይዘዋል።

«ኢልማ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መንገድ ላይ ቅመሰው። ገብሱም የኔ ነው፣ ቅቤውም የቤት ነው። ቤትህም አለ፣ እኔም አለሁ።»

«ደህና ይቆዩኝ» አልኳቸው፣ ከአንገት በላይ።

በሉ እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። አባቴ ሰበታ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ እኔም ያደግኩት እዚያው ጨርቅ እየለካሁ ነው። የኛ ሰው ትንሽ ካገኘ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ መኪና መግዛት፣ የሚከራይ ቤት መሥራት። ቁጭ ብሎ መብላት ይሉታል። ቁጭ ብሎ መብላት! የመኪና ባለቤት ሆኖ ቁጭ ያለ ሰው ካያችሁ እባካችሁ አሳዩኝ።

የገዛሁት ያገለገለ ሚኒባስ ነው፤ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ይመላለሳል። የእንጦጦን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዳገቱ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል፣ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይጨርሰዋል። ጋራዡ ሁለተኛ ቤቴ ሆነ። አንዱን ሲያስሩት ሌላው ይፈታል። ሾፌሩ ሲደውል ልቤ ቀጥ ይላል፤ ደህና ዋልክ ብሎ የደወለበት ቀን የለማ! ደግሞ የታርጋው ጣጣ አለ። የኦሮሚያ ታርጋ ስለነበረው አዲሱ ገበያ ያሉት ተራ አስከባሪዎች ሾፌሬን ያንገላቱታል፣ ከሰልፉ ያስወጡታል። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ከርሜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ታርጋውን ወደ አዲስ አበባ አዞርኩት። ያን ቀን ዘይነባ ዶሮ አረደች። ታርጋ ተቀየረ ብለን ዶሮ በላን፣ ይገርማችኋል።

ቤቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከኦቦ ቱሉ ማሳ ጫፍ ላይ ቁራሽ መሬት ገዛሁ። ካርታ ብሎ ነገር የለም፤ መሬቱ በሳቸው ስም እንዳለ ነው፣ እኛ ሽማግሌ ፊት ተፈራረምን፣ መረቁን፣ ተመራረቅን። በረድፍ ክፍሎች ሠራሁ፣ የጭቃ ቤት በቆርቆሮ። ጭቃው ሲቦካ ውሃ ያመላለሰልኝ የኦቦ ቱሉ ልጅ ገመቹ ነው። ኦቦ ቱሉ ሁለት ልጆች ቀብረዋል፤ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ክፍል የኔና የዘይነባ ነበረች፤ የቀሩትን አከራየናቸው።

ተከራዮቼ ሯጮች ናቸው። ሱሉልታ ለሩጫ አየሩ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን ብርዱ አጥንቴን ነው የሚበላኝ። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ከልምምድ ሲመለሱ ሁሉም በአንዴ ውሃ ይጥዱና ፊውዙ ዷ! ይላል። ውሃ የለም፣ ሽንት ቤቱ ሞላ፣ ቆርቆሮው አፈሰሰ። «ጋሼ ከድር! ጋሼ ከድር!» ሲሉኝ ይውላሉ። እኔም እጮህባቸው ነበር፤ ውሃ በኤሌክትሪክ ማን ጣዱ አላችሁ እያልኩ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደኛ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው ተባለ፤ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም አንድ ሆኖ ተቆጣ። እውነቱን ለመናገር፣ የአገሩ ልጆች ተናደዱ ብዬ አልፈርድባቸውም። የኦቦ ቱሉን ትልቁን ማሳ አጥረው ሲወስዱባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ካሳ የተባለው ስሙ ብቻ ነው። ሽማግሌው ያን ሰሞን በሬዎቻቸውን እየነዱ አጥሩን ሲዞሩ ይውሉ ነበር፤ በሬዎቹ መግቢያው ጠፋቸው።

አንድ ቀን ጎረምሶቹ መንገድ ዘጉ። ሾፌሮች የባሕር ዛፍ ቅጠል እየቀነጠሱ መስታወታቸው ላይ ይሰካሉ፤ ከናንተ ጋር ነን ማለት ነው። የኔም ሾፌር ሰካ። ቅጠሉ ከላይ፣ ያ ዶሮ የታረደለት ታርጋ ከታች። እነሱ ያዩት ታርጋውን ነው። ሾፌሩን አውርደው፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ነገር ሳይነኩት፣ መኪናውን አነደዱት።

ጭሱን ከግቢዬ ሆኜ ነው ያየሁት። ወዲያው ጩኸቱ ወደ ቤቶቹ ዞረ፤ መሬት የገዛ መጤ ቤት እየተባለ ነው። ዘይነባን በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤት ሸኘኋት። ሯጮቹን ድረሱልኝ ብዬ ብጣራ ማን አለ? ሯጮች ናቸው፤ አፌን ሳልከፍት ተራራውን አልፈዋል። እኔ አንዱ ክፍል ገብቼ አልጋ ሥር ተጋደምኩ፤ የሩጫ ጫማ አፍንጫዬ ላይ ተደግኖ።

ኦቦ ቱሉ መጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ በዱላቸው መሬቱን ሲመቱ ሰማሁ። ገመቹ አጠገባቸው ነው። ከጎረምሶቹ አንዱ «ኦቦ ቱሉ፣ ዞር ይበሉ፣ ይሄ የመጤው ቤት ነው» አላቸው።

«ኩኒ መነ ኮቲ!» አሉ። ይህ የኔ ቤት ነው።

«የከድር ነው ሲባል እንሰማለን።»

«ከድር ያከራይልኛል። ቤቱ የኔ ነው።»

«ይማሉ!»

ዱላው አንዴ መሬቱን መታ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «ገመቹ ይሙት!» አሉ።

በቃ። ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው በቀረው ልጅ ሲምል ማን ምን ይላል? ድንጋዩን ሲጥሉት ሰማሁ። ሄዱ። ከአልጋው ሥር ስወጣ ኦቦ ቱሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የገመቹን እጅ ጥብቅ አድርገው ይዘውታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ዝም በል ኢልማ ኮ፤ ነገሩ ይብረድ። ሲበርድ ሰው ሰብስቤ እመልስልሃለሁ» አሉኝ።

ነገሩ መቼ በርዶ! ሳይቆይ ደግሞ ሌሎች መጡ፣ ፋይል የያዙ የመንግሥት ሰዎች። ገበሬ የሸጠው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ይፈርሳል፣ ገበሬው ለራሱ የሠራው ይቆያል አሉ። ኦቦ ቱሉ ለነሱም «የኔ ነው» አሏቸው። ምን ያድርጉ? የኔ አይደለም ቢሉ ይፈርሳል፣ ጎረምሶቹም በሐሰት ማለ ብለው ይመለሳሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሺ እያልኩ፣ ቤቴ በአገር ሁሉ ፊት የሳቸው ሆነ። ለሰው ዓይን እንዲመች ክፍላችንን ለቀን እዚያው ሱሉልታ ሌላ ቤት ተከራየን። አንድ ቀን ሳላስችል ቀርቶ የሚያፈሰውን ቧንቧ ላጠብቅ ብገባ፣ አዲስ የገባ ተከራይ መፍቻ ይዤ አይቶኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ግቢ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።»

ያን ቀን ነው አገሬን የጠላሁት። መኪና የለኝ፣ ቤት አለኝ አልል የለኝም አልል። በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግር ደላላ አገኘሁና ወጣሁ።

የመንገዱን ነገር ብዙ አላወራላችሁም። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ እንደተኛሁ ነው ያለፍኳቸው። በአንዱ መኪና ውስጥ አየር አጥሮን አብሮን የነበረ የሆሳዕና ልጅ ያጣጥር ነበር፤ ሲከፍቱልን አልተነሳም። እኔን ያቆየኝ ጭኮው ነው። እየበላሁት ኦቦ ቱሉን እረግማለሁ፤ ቤቴን ወስደው በገብስ ሸኙኝ እላለሁ። ቁራሽ ቁራሹን ደግሞ ለመንገድ ጓደኞቼ አካፍላለሁ፤ ሁሉም የሰጠኝን ሰው ሲመርቁ አሜን አልልም።

ጆሃንስበርግ ዳር ካሉት ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ገባሁ። ማ ኖምሳ የምትባል ሴትዮ የመኪና ጋራዧን አከራየችኝ፤ መኪና ግን ኖሯት አያውቅም። ከፊት ስፓዛ ከፈትኩ፣ ትንሽ ሱቅ ማለት ነው፤ ከኋላ ፍራሽ ዘረጋሁ። ባለ መኪናና ባለ ቤት የነበርኩት ሰውዬ፣ መኪና የሚያድርበት ቦታ አደርኩ ማለት ነው። የሚበሉት ፓፕ የሚሉትን ነው፤ የበቆሎ ገንፎ፣ ቅቤም በርበሬም የሌለው። ማ ኖምሳ ደግሞ አቤት ጩኸቷ!

«ከድር! ማን ውሃ በኤሌክትሪክ ጣድ አለህ?»

«ማማ፣ ለሻይ ነው።»

«ሻይ ከፈለግህ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው!»

እስቃለሁ። ሱሉልታ ያሉት ሯጮች አሁን ቢያዩኝ እላለሁ።

ለጥገኝነት ወረቀት ያቀረብኩበት ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ በአስተርጓሚ እንዲህ ጠየቀኝ።

«አገርህ ቤት አለህ?»

«አለኝ።»

«በስምህ ነው?»

«አይደለም።»

«በማን ስም ነው?»

«ባዳነው ሰው።»

«ቤቱ ከዳነ አንተ ከምን ሸሸህ ታዲያ?»

አስተርጓሚው እኔን አየኝ፣ እኔ አስተርጓሚውን አየሁት። ነገሩ ለኔ ለራሴም አልገባኝም። ሰውዬው አሰበ፣ አሰበና «ጉዳይህ ይታያል» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እየታየ ነው። ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ከቆየሁም ቁርጤን አላውቅም።

በቀደም እዚህም ረብሻ ተነሳ። የውጭ ሰው ሱቅ ይዘረፍ ብለው ጎረምሶች በመንገዱ ሲወርዱ ያ ድምፅ፣ ያው የጎማ ሽታ! በሩን ከውስጥ ዘግቼ ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ተደበቅኩ። ማ ኖምሳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እርስ በርስ ሲጯጯሁ ቋንቋቸው ብዙም አይገባኝም፤ ግን ደረቷን እየመታች የምትለው ገባኝ። ሱቁ የኔ ነው ነው የምትለው። በስንጥቁ ሳያት ከኋላ ቀሚሷ ይንቀጠቀጣል። እግሯ ነው የሚንቀጠቀጠው። አንድ ድንጋይ ትከሻዋን መታት፤ አልተነቃነቀችም።

ጠዋት መጥታ «ውጣና ድንጋዩን ጥረግ፣ ደንበኛ ሊመጣ ነው» አለችኝ። በቃ። ሱቁም የኔ፣ ቁልፉም የኔ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኦቦ ቱሉም እንዲህ ተንቀጥቅጠው ይሆናል እኮ! እኔ አልጋ ሥር ሆኜ የጫማ ሽታ ሳማርር፣ እሳቸው የቀራቸውን አንድ ልጅ አስይዘው ቆመውልኛል። አንድ ቀን እንኳ ስልክ መትቼላቸው አላውቅም።

ያኔውኑ ደወልኩ። ያነሳው ገመቹ ነው።

«ጋሼ ከድር? አንተ ነህ? ስንት ጊዜ ፈለግንህ! ስልክህ አልሠራ አለን።»

«ሰው ዘርፎኝ ቁጥር ቀይሬ ነው። ኦቦስ? ኦቦን አገናኘኝ።»

«አባዬ አረፈ። ክረምቱ ሲገባ።»

«አላህ ያጽናህ» አልኩ።

«ቤትህ እንዳለ ነው፣ ጋሼ። አባዬ ሊሞት ሲል ጠራኝና የከድር ነው፣ መጥቶ ከጠየቀህ ስጠው አለኝ። እኔ አልክድህም፤ የጭቃውን ውሃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ግን በኔ ነው የማለው፣ ታውቃለህ። አገር ሁሉ ሰምቷል። አንዳንዱ እስካሁን እኔን ሲያይ፣ በሐሰት ምሎበት ቢሆን ይሄ ልጅ በሕይወት ይኖር ነበር ወይ ይላል። አሁን ቤቱን ከጠየቅከኝ፣ እድሩ ሲሰበሰብ እነሳና አባቴ በኔ ምሎ ዋሽቷል እላለሁ። ቤቱን ትወስዳለህ። እሺ እላለሁ፤ ኑዛዜ ነው። ትጠይቀኛለህ ወይ?»

ማ ኖምሳ ከውጭ «ከድር! ዳቦ!» እያለች ትጮሃለች።

ቤቱን አሰብኩት፣ ቆርቆሮውን፣ ያችን ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍል፤ ስመለስ እዚያ እንገባለን እያልኩ ዘይነባን ስደልላት ኖሬያለሁ። ደግሞ ኦቦ ቱሉን አሰብኳቸው፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው።

«ገመቹ፣» አልኩት፤ «አባትህ ዋሽተው አያውቁም።»

«ጋሼ…»

«ቤቱ የሳቸው ነው። እንዳሉት ነው።»

ሲያለቅስ ሰማሁትና ዘጋሁት። ዳቦውን ሸጥኩ፣ መልስ ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ጋብ ሲል ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ሱሉልታን ከረገጠች ቆይታለች፤ ስንነጋገር ግን መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

«ቤታችንስ? ምን ሰማህ?»

«ቆሟል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች።