ግድግዳውና ላፕቶፑ የተስማሙ ዕለት

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ የስሜነሽ አበረ ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ስሜነሽ ላፕቶፕና ስልክ ትጠግናለች። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «የተበላሸ ዕቃ» ትላለች። ለገበሬው በአገውኛ፣ ለመምህሩ በአማርኛ እየመለሰች ዓሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ያቃታትን ዕቃ በጣት ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል።

መፍቻ የምታነሳው ከሁሉም በኋላ ነው። መጀመሪያ ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀውም «ምን ሆነ?» ብላ ሳይሆን «ማን ነካው?» ብላ ነው። ዕቃ በገዛ እጁ አይታመምም፣ ሰው ነካክቶት ነው ባይ ናት። ሰው ታዲያ ይዋሻል። እሷም መዋሸቱን ታውቃለች፣ ግን አትሟገትም፤ ራሷ ትደርስበታለች።

ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ መሪጌታ እንየው ከልጃቸው ከዮርዳኖስ ጋር ገቡ። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ በምን ቀን እንደሚውል አገሩ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ዮርዳኖስ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ የቆየች ልጅ ናት። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

«ዋይፋይ እምቢ አለኝ» አለች። «ይያያዛል፣ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ዳንግላ ለጠጋኝ ብወስደው የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል አለኝ። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ የሥራ ፈተና አለብኝ፤ የተመዘገብኩት በዚህ ማሽን ስለሆነ በሌላ አይቀበልም።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ከሃያ ይላል።

«ማን ነካው?» አለች ስሜነሽ።

«ማንም» አለች ዮርዳኖስ። መሪጌታ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ስሜነሽ የስልኳን ዋይፋይ ከፍታ ላፕቶፑን አያያዘችው። ወዲያው ተያያዘ። «የተቃጠለ ካርድ እንዲህ አይዝም» አለች፤ «የዳንግላው ሰውዬ ቸኩሏል።» በራሷ ላፕቶፕ በዚያው ዋይፋይ ሞከረች፤ ገጹ ተከፈተ። እንግዲህ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ካርዱም ደህና ነው። የዮርዳኖስ ላፕቶፕ ግን የፈተናውን ገጽ ስትከፍትበት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይመልሳታል። ዋይፋዩን አላቅቃ እንደገና አያያዘችው፤ ያው ነው። አጥፍታ አስነሳችው፤ ያው ነው።

ስሜነሽ አልተጣደፈችም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ስንት ደቂቃ እንደቀራት ለማወቅ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ አራት ከሠላሳ ስድስት። ወደ ላፕቶፑ ተመለሰች፤ ጥጉ ላይ ያለውም አራት ከሠላሳ ስድስት ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን «እሰየው፣ ልክ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ስሜነሽ ግን ፈገግ አለች። በዓሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ግድግዳ ጋር የተስማማ ላፕቶፕ ገብቶ አያውቅም፤ የላፕቶፕ ሰዓት ሁልጊዜ በስድስት ሰዓት ይለያል። ሰዓቱን ስትነካው ዓመቱ ብቅ አለ፤ 2017፣ የእኛው ዘመን።

«መሪጌታ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ዘመኑን ያቃኑት እርስዎ ነዎት?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈተናው አምስት ሰዓት ነው ሲባል ሰማሁ። ይህ ደግሞ የራሱን ሰዓት ይቆጥራል። ልጄ ድንጉጥ ናት፤ ሰዓቱ አሳስቷት ፈተናው እንዳያልፋት ብዬ እሁድ ለት አቃናሁት። ከነካሁት አይቀር ብዬ ዓመቱንም አብሬ።»

ዮርዳኖስ ወደ አባቷ ዞረች። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

«የእርስዎስ ቁጥር ልክ ነው» አለች ስሜነሽ እያስተካከለች፤ «ማሽኑ ነው ፈረንጅ። እያንዳንዱ ገጽ ሲከፈት መታወቂያ ያሳየዋል፣ ቀን ያለበት። በእርስዎ ዘመን ሲታይ ይህ መታወቂያ የሚወጣው ገና ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ቢያሳይዎ ያምኑታል?»

«አላምንም» አሉ መሪጌታ።

«እሱም አላመነም።»

ገጹ ሲከፈት ግድግዳው አራት ከአርባ አራት ይል ነበር። ስሜነሽ ወንበሯን ለዮርዳኖስ ለቀቀች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ከመሪጌታ ጋር ታዛው ሥር ቆመች። ደንበኛ ሲመጣ «ከሰዓት ና» እያለች መለሰች። በደጁ የሚያልፍ አስማረ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ጥሩንባውን ሲያስጮኸው መሪጌታ ዣንጥላቸውን አንስተው ዝም አሰኙት።

«አጥፍቻት ነበር» አሉ መሪጌታ። «ሁለት ዓመት የጠበቀችውን፣ በእኔው እጅ።»

«አላጠፏትም» አለች ስሜነሽ። «ደግሞ እኔ ዘንድ የመጣ ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይዋሸኛል። እርስዎ በሁለተኛው ጥያቄ አመኑ።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። «ላክሁት አባየ» አለች ዮርዳኖስ። «ደርሶናል የሚል መልስም መጣ።» ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን በርቷል።

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ለእኔ ብለው አይደል» አለችና የራሰውን ጋቢ ከትከሻቸው አነሳችላቸው።

መሪጌታ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። የቤታቸው ልደትና ክርስትና፣ ሞትና ሠርግ የተጻፈበት ነው። የበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ጻፉ፤ ሐምሌ ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ልጄ ዮርዳኖስ ተፈተነች። ደብተሩን ሊያጥፉ ሲሉ ተዉትና ወደ ላፕቶፑ ጠቆሙ።

«በእሱ አቆጣጠርስ ቀኑ ስንት ነው?» አሉ።

ስሜነሽ ነገረቻቸው። እሱንም ከሥሩ ጻፉት።