በጠባብ በር የምታልፍ ሎደር ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡00፤ ካዛንቺስ

መንገዴ ሩቅ አይደለም። ከካዛንቺስ ኡራኤል፣ ከኡራኤል ስታዲየም፣ ከዚያ ሰንጋ ተራ፣ ከዚያ መልስ ነው። እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት ግን አገር እንደሚለቅ ሰው ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ከድር ማደያው ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

‹‹ምነው፣ ሽምግልና ነው እንዴ የምንሄደው?›› አልኩት።

‹‹ከዚህ የበለጠ ምን ሽምግልና አለ ሰኒ? በቃ፣ ዛሬ ማሽን ይዘን ነው የምንገባው!››

እኔና ከድር ዛፍ እንቆርጣለን፣ ግቢ እናጸዳለን። መቁረጡ አይከብድም፤ መጋዝ አለን። የሚከብደው የተቆረጠውን ማውጣት ነው። ባለፈው ክረምት ከድር የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ ሳለ ወገቡ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሁለት ወር ተኛ። ከዚያ ወዲህ ግንድ ሊያነሳ ጎንበስ ባለ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ግንድ የምታነሳልን ትንሽ ሎደር ለመግዛት የቆረጥነው ያኔ ነው።

የዛሬው ጥድፊያ ግን በጋሽ ታደሰ ምክንያት ነው። ጋሽ ታደሰ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሐሙስ በጣለው ዝናብ የግቢያቸው አሮጌ ጽድ ተገንድሶ ግቢውን ሞላው። ነገ ደግሞ ልጃቸውን ይድራሉ። ዳሱ የሚጣለው እዚያው፣ ግንዱ በተጋደመበት ነው። ግንዱን ለማውጣት ያለው በር አንድ ብቻ፣ ስፋቱም ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ትናንት ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

1፡00፤ ኡራኤል

ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ካለች ቁርስ ቤት ፉል በላን። ቃሪያው እንባ ያስመጣል፤ ዳቦው ይፋጃል። ከድር ሳያላምጥ ነው የሚውጠው።

የቀጠርነው የማሽን ደላላ መጥቶ አንድ ግቢ አስገባን። ማሽኑ ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጋቢና አለው፣ ወንበር አለው። ከድር ዘሎ ወጣ።

‹‹ሰኒ! ሬዲዮ አለው!››

‹‹እህቴ፣ ማለቴ፣ ይሄ እኮ ዳገት ይንዳል›› አለ ደላላው።

‹‹እኛ ዳገት የለንም። ግንድ ነው ያለን›› ብዬ ሜትሬን ዘረጋሁ። አንድ ሜትር ከስድሳ።

‹‹በሩን አስፉታ!››

‹‹በሩንስ አሰፋን እንበል። ጎማው ሲዞር የሚፈጨውን ሳር ማን ሊተክለው ነው?››

ከድር ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ እንደገና ከፍቶ፣ አጥፍቶ ወረደ።

3፡00፤ ስታዲየም

የሚኒባሱ ረዳት ‹‹ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የሦስት ሰው ወንበር እኮ ነው!›› እያለ አራት አድርጎ አጨቀን። ስታዲየም ዙሪያ መንገዱ ዳር ማሊያና ካልሲ ተዘርግቷል። ከሱቆቹ ጀርባ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ያላት ቀጭን ሎደር ቆማለች። ለካኋት፤ ሰማንያ አምስት! ከድርና እኔ ተጨባበጥን።

‹‹ምንም ጫኑባት፣ ብድግ ነው!›› አለ ባለጋራዡ።

ጥግ ላይ የወደቀ አሮጌ የመኪና ሞተር ነበርና እሱን እናንሳ አልን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ክንዷ ሞተሩን አቅፎ ከፍ ሲል እኔም አብሬ ከፍ አልኩ። ለካ የኋላ ጎማዎቿ መሬት ለቀዋል!

‹‹አውርጂው ሰኒ! አውርጂው!››

‹‹የቱን ልጫን?!››

ከድር ሮጦ ከኋላ ተንጠለጠለባት። የሆነ ነገር ተጫንኩ፤ ሞተሩ ዱብ አለ፤ እኛም ዱብ አልን። የካልሲ ሻጮቹ ሥራቸውን ጥለው እስኪመጡ ድረስ ሳቅን።

‹‹ማለቴ… ሲከብዳት ትንሽ ዘለል ትላለች›› አለ ባለጋራዡ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም።

ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታደሰ ናቸው።

‹‹ልጄ፣ የዳስ ሰዎች መጥተዋል። ግንዱ ላይ ተቀምጠው አንቺን ይጠብቃሉ።››

ከድር ሳቁን ዋጠ። ‹‹ካልሆነ በትከሻ እናወጣዋለን›› አለ።

‹‹አናወጣም!›› ስል ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። የወገቡ ቀጭታ እንደገና የተሰማኝ መሰለኝ።

5፡30፤ ሰንጋ ተራ

ኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ሥራው ያለቀ የግንባታ ግቢ አለ። ባለቤቱ አቶ ስንታየሁ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ሎደራቸውን ሸራ አልብሰዋታል። ሸራው ሲገለጥ ልባችን ወረደ። ቀለሟ ለቋል፤ ወንበር የላትም፤ ሹፌሩ ከኋላዋ መረገጫ ላይ ቆሞ ነው የሚነዳት። የምትሄደው በጎማ እግር ሳይሆን በላስቲክ ሰንሰለት ነው።

‹‹ለመሆኑ ምን ልታነሱባት ነው?›› አሉን።

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ስለ ጽዱ፣ ስለ ሳሩ፣ ስለ ሠርጉ ነገርናቸው። እሳቸውም እጄን ይዘው ሞተሯ ላይ አስቀመጡት። ቀዝቃዛ ነው።

‹‹ገዢ ሳይመጣ ቀድሞ የሞቀ ሞተር እንዳታምኚ፤ ከሞቀማ የታመመውም ይነሣል›› አሉና አስነሷት። በአንድ ጊዜ ተነሣች። ብሎኬት ጭነው ክንዷን ሰቀሉ፣ አጠፏት፣ ሻይ ጋበዙን። ተመልሰን ስናይ ክንዱ ዝንፍ አላለም።

ስፋቷ ሰማንያ ስምንት። ግንድ መንከሻ ጥፍርም አላት!

‹‹የግራ ሰንሰለቷ አርጅቷል፤ ከክረምት በፊት ቀይሩት። ጭነት ይዛችሁ ደግሞ ክንዷን ዝቅ አድርጋችሁ ንዱ።››

ከድር ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ‹‹ሬዲዮ የላትም።››

‹‹አንተ ትዘፍናለህ!››

ገዛናት።

9፡00፤ ካዛንቺስ

በጭነት መኪና አመጣናት። ሹፌሩ ‹‹ይቺ ታንክ ምን ልትሠራ ነው?›› ሲል ከድር ‹‹ልጅ ልትድር!›› አለው።

በሩ ላይ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። በግራ አንድ ጣት፣ በቀኝ አንድ ጣት ቀርቷት ሸርተት ብላ ገባች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከድር በመጋዝ ቆራረጠ፤ እኔ በጥፍሯ እየነከስኩ አወጣሁ። ሲጨርስ ከድር ቀጥ ብሎ ቆመና ወገቡን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረው። ምንም አላመመውም። የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ በሚያየኝ ሁሉ ፊት አለቀስኩ፣ ሳቅኩም።

የዳሱ እንጨቶች ሲተከሉ የሎደሯ ሞተር ድምፅ እንደገና ተሰማኝ። ጋሽ ታደሰ መረገጫው ላይ ቆመዋል! ከድር አጠገባቸው እያሳያቸው ሎደሯ በኤሊ እርምጃ ግቢውን ትዞራለች።

ባለቤታቸው ከማድ ቤት ብቅ አሉ። ‹‹ውረድ አንተ ሰው! ነገ እኮ ልጅ የምትድር አባት ነህ!››

‹‹እሱ ነገ ነው!›› አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ዓይናቸውን ከመንገዳቸው ሳያነሱ። ‹‹ዛሬ ሹፌር ነኝ!››