በግድግዳው ውስጥ የቀረው ገመድ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ አምና ነው፤ መስቀል ሰሞን ተጀምሮ ጥር ላይ አለቀ። ሙዚቃ በከፈትኩ ቁጥር እየመጣ ስለሚያናድደኝ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

የጎጃም ልጅ ነኝ። በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ ጀምሮ የኖርኩት እማማ ትርንጎ ግቢ ተከራይቼ ነው። ልጃቸው ሲሳይ እኩያዬ ነው። ከሥራ መልስ አንለያይም፤ ወባ የጣለኝ ጊዜም ያስታመመኝ እሱ ነበር። አገሬ የሚያስገባኝ ዝውውር ሲመጣልኝ እንኳ «እዚህም ወንድም አለኝ» ብዬ ተውኩት። እናቴ በዚህ ነገር እስካሁን ትወቅሰኛለች።

ከዚያ አምፕሊፋየርና ስፒከሮች ገዛሁ። ገመዱ ወለል ለወለል ሲጎተት ደስ ስላላለኝ ግድግዳው ውስጥ ልቅበረው ብዬ ሲሳይን ጠየቅኩት። የጭቃ ቤት ነው፤ መቦርቦሩ አይከብድም።

«ምን ታስፈቅደኛለህ? ቤትህ እኮ ነው» አለኝ።

እሁድ አብረን ያዝነው። እኔ ግድግዳውን እየቦረቦርኩ ገመዱን እዘረጋለሁ፤ እሱ ጭቃና ጭድ እያቦካ ከኋላዬ ይመርጋል። ገመዱ በየት በኩል እንደሚወጣ ግን የሚያዘው እሱ ነበር።

«እዚህ ጥግ አታውጣው፤ ለቡፌ ይሁን።»

«የምን ቡፌ? ያለችኝ አንዲት ጠረጴዛ!»

«አግብተህ ትገዛለሃ» ብሎ ሳቀ። ጥጉን በስንዝር ለካው። መኝታ ክፍል ውስጥም ለትልቅ አልጋ እንዲመች ብሎ ገመዱን ከፍ አስደረገኝ። እኔ የምተኛው በታጣፊ አልጋ ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ለእኔ ያሰበልኝ መስሎኝ።

እማማ ትርንጎ ብቅ ብለው አዩንና እኔ በማልሰማው ኽምጣኛ የሆነ ነገር አሉት፤ እሱም በኽምጣኛ መለሰላቸው። ምን አሉ ስለው፣ «ግድግዳው አማረ ነው የምትለው» አለኝ።

ጭቃው ሲደርቅ ቀለም ቀባነው። ድምፁን ገና ሳልጠግበው ታኅሣሥ ላይ ሲሳይ መጣና መሬት መሬት እያየ፣ «ጥር ላይ ላገባ ነው። ድንገት ነው የሆነው፤ ቤቱን ብትለቅልኝ» አለኝ።

ክው አልኩ። ግን ሠርግ ነው፣ ምን ይባላል? እንኳን ደስ ያለህ አልኩትና ስፒከሮቼን ነቅዬ ወጣሁ። ገመዱን ጭቃው ነክሶ ይዞታል፤ ግድግዳውን ሳያፈርሱ አይወጣም። ተውኩት።

ከሠርጉ በኋላ ደወለልኝ። ስፒከር ገዝቶ አገጣጠሙ ጠፍቶበታል። ይሉኝታ ይዞኝ ሄድኩ። ገና ከበሩ ስገባ ያ በስንዝር የለካው ጥግ ላይ አንድ ቡፌ ልክክ ብሎ ቆሟል።

እማማ ትርንጎ ሳየው አይተውኝ፣ «ያምራል አይደል ልጄ? ሰኔ ላይ አሠርቶ እህቱ ቤት አስቀምጦት ነበር እኮ» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። የማውቅ መስሏቸዋል።

ሰኔ! ገመዱን የቀበርነው መስከረም ላይ ነው።

ሲሳይ ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ የስፒከሩን ካርቶን መቅደድ ጀመረ። እኔም ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ገጠምኩለት። ድምፁ መጣ። ስወጣ ከኋላዬ፣ «ቤትህ ነው፣ ብቅ በል» አለኝ።

ያኔ መስከረም ላይ ሳስፈቅደው ላገባ ነው ቢለኝ ኖሮ እለቅለት ነበር፤ ገመዱንም የሠርግ ስጦታዬ ብዬ እዘረጋለት ነበር። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ቤቱ አይደለም። ያን እሁድ ጭቃ በጭቃ ሆነን አብረን ስንስቅ የዋልነው ነው። እኔ በጨዋታው ነበር የምስቀው፤ እሱ በምን ይስቅ እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

አሁን ያለሁበት ቤት አከራይ፣ «ገመዱን ግድግዳው ውስጥ ብትቀብረው እኮ ያምር ነበር» ይሉኛል። እንዲሁ ይሁን እላቸዋለሁ። ከላይ በምስማር ነው የያዝኩት። ዝውውር እንደገና ጠይቄያለሁ፤ የደረሰኝ ዕለት ነቅዬ ጠቅልዬው ነው የምሄደው።