የቅዳሜው ሾፌር

ጋሽ ዑስማንን እኔ ሳውቃቸው ጢማቸው የሸበተ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የጭነት መኪና የሚያመላልሱ ሽማግሌ ነበሩ። መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲያስኬዱ ከሌላው ሾፌር ሁሉ ይለያሉ። ስንዝር ያህል ሄደው ይቆማሉ፤ ደግሞ ስንዝር ሄደው ይቆማሉ። ከኋላ መንገድ የሚጠብቀው ቢነጫነጭ ግድ የላቸውም። «እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው» ይላሉ። እንዴት እንደ ተማሩት ያጫወቱኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ናዚፋ ናቸው። ነገሩ በጣሊያን ጊዜ የሆነ ነው፤ ያኔ ጋሽ ዑስማን የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነበሩና አንቱታውን ለጊዜው ላቆየው።

ዑስማን በቡሬ ከተማ እጁ የተመሰከረለት ሸማኔ ነበረ። እናቱ ኡምሀኒ ዐይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጃቸው ቤት ውስጥ መኖሩን የሚያውቁት በመወርወሪያው ድምፅ ነው። መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ መደባቸው ላይ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። ድምፁ የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን፣

«ዑስማኔ፣ አለህ?» ይላሉ።

«አለሁ እማ። ክር ተበጥሶብኝ ነው።»

በቀን ሃያ ጊዜ ቢጠሩት ሃያ ጊዜ ይመልሳል። አንድ ቀን ሳይነግራቸው ወጥቶ ቢቆይ፣ ሊፈልጉት ተነሥተው ደጃፉ ላይ ወደቁና ግንባራቸው ተፈነከተ። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሜ ገበያ በቀር የትም አይሄድም። የቅዳሜውን እርሳቸውም ለምደውታል።

ዳሩ ግን ጣሊያን በመኪና እያስጫነ የሚያመጣው አቡጀዲ ገበያውን ሞላው። በኅዳር ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ዑስማን ሁለት ጋቢ ይዞ ወጥቶ ሁለቱንም ተሸክሞ ተመለሰ።

«ናዚፋ፣ ሽመናው እንግዲህ አያኖረንም» አላት። «መኪና መንዳት ልማር ነው።»

በከተማው ከአሥመራ የመጣ ገብረሰንበት የሚባል ሾፌር ነበረ። ለጣሊያን ያገልግል እንጂ ሰው የሚወድ፣ አማርኛም የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ዑስማን ከባልንጀራው ከቢሆነኝ ጋር ሆኖ ሄዶ ጠየቀው።

«ሁለት መንገድ አለላችሁ» አላቸው። «አንደኛው፣ ካምፕ ገብታችሁ ዐሥራ አምስት ቀን ከእኔ ጋር መዋልና ማደር ነው። ጧት መኪና፣ ማታ መኪና። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ሾፌር ናችሁ። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ልጭን ማንኩሳ ስሄድ ከጎኔ መቀመጥ ነው። እሱ ዐሥራ ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል።»

«የቱ ይሻላል፣ አያ?»

«ለእጅህ የመጀመሪያው ይሻላል። ሳምንት ሙሉ ያልነካኸው መሪ ይረሳሃል።»

ቢሆነኝ ሳቀ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ነገ እገባለሁ» አለ።

ዑስማን ግን አሳድረኝ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ናዚፋ ነገሩን ሰምታ ትንሽ አሰበችና፣ «አንተ ሂድ። ለዐሥራ አምስት ቀን መወርወሪያውን እኔ እወረውርላቸዋለሁ» አለችው። በማግስቱ ሊሞክሩት ተስማሙ። እርሱ ቀስ ብሎ ከሽመና ጉድጓዱ ወጣ፤ እርሷ ገባችና መወርወሪያውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ላከችው። ኡምሀኒ ከመደባቸው ላይ፣

«ናዚፋ፣ ተነሽለት እንጂ ልጄ፤ ድሩን ትበጥሽበታለሽ» አሉ።

ዑስማን የዚያኑ ቀን ሄዶ፣ «አያ ገብረሰንበት፣ እኔ የቅዳሜው ይሁንልኝ» አለ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ገብረሰንበት የግራ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ፣ የቀኝ እግሩን ቤንዚን መስጫው ላይ አስቀመጠለት። «ግራው ሲነሣ ቀኙ ይረግጣል። በዝግታ» አለው። መኪናዋ እንደ ሌላው ጀማሪ ሳትዘል እንደ ውኃ ተንሸራታ ሄደች። ገብረሰንበት ዞሮ አየው።

«ይህን እግር ከየት አመጣኸው?»

«ከጉድጓድ» አለ ዑስማን።

ሸማኔ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሁለት እንጨት ሲረግጥ ይኖራል፤ አንዱ ሲወርድ አንዱ ይነሣል። ስለዚህ እግሩ ሳምንቱን ሙሉ ተማሪ ቤት ዋለ ማለት ነው። ለእጁ ደግሞ የናዚፋን ሰፌድ መሪ አድርጎ ያዞር ጀመር። «ሰፌዴን ማንኩሳ አድርሰህ መለስከው፤ አሁን እህሌን ላበጥርበት» ትለው ነበር።

የቢሆነኝ ዐሥራ አምስት ቀን ሃያ ስድስት ሆነ። አርበኞች በዙሪያው ሲተኩሱ የካምፑ በር ይዘጋ ስለ ነበረ ነው። ሲወጣ ግን እውነትም ሾፌር ሆኖ ወጣ፤ ወደፊትም ወደ ኋላም እንደ ልቡ ይነዳል። በዑስማን ደጃፍ ሲያልፍ ጥሩምባውን እየነፋ፣ «የቅዳሜ ሾፌር፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ተኛ!» ይለዋል። ዑስማን ከጉድጓዱ ውስጥ ይስቃል። መወርወሪያውን ግን አያቆምም።

ዐሥራ አንድ ቅዳሜ አለፈ። የማርሹ ዘንግ የሚሄድባቸውን አራት ቦታዎች እጁ ለይቶ አወቀ። በአንድ ጥግ አምስተኛ ቦታ ነበረ። እጁ ወደዚያ ባዘነበለ ቁጥር ገብረሰንበት መዳፉን ከላይ ያሳርፍበትና፣ «እዚያ ገና ነህ። እሱ ወደ ኋላ ነው፤ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው» ይለዋል።

በመጨረሻው ቅዳሜ ኡምሀኒን ንዳድ ያዛቸው። ዑስማን እጃቸውን ይዞ ዋለ። «ሂድ፣ ትምህርትህ» ቢሉትም፣ «ለሚመጣው ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ» አላቸው።

አልደረሰም። ማክሰኞ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወጣ። ገብረሰንበትንና ቢሆነኝን ሌሎቹን የጭነት መኪናዎች አስነድተው ወሰዷቸው። ዑስማን የተማረባት መኪና ግን በዑስማን ቤት ጓሮ ካለው የእህል መጋዘን ግድግዳ አፍንጫዋን አስጠግታ፣ መካከሉ ሰው ብቻ ሲያስቆም፣ ቆማ ቀረች።

በዚያው ቀን አርበኞች ከተማውን ሲይዙ፣ ክንዱ የሚባለው አለቃቸው መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

«የሚነዳት ካለ ለከተማው እህል እያመላለሰ ይኑርባት። የሚነዳት ከሌለ አቃጥላታለሁ፤ ጠላት ቢመለስ አያገኛትም» አለ።

«ዑስማን አለ» አለ አንድ የከተማው ሰው። «የቅዳሜ ቢሆንም።»

ዑስማን ቀርቦ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እኔ ወደፊት ነው የተማርኩት። ወደ ኋላ አላስተማሩኝም።»

«ወደፊት ግድግዳ ነው» አለ ክንዱ። «እስከ ዐሥር ሰዓት እጠብቅሃለሁ።»

ዑስማን መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። በዚህ መካከል ኡምሀኒ መወርወሪያው ቢጠፋባቸው ናዚፋን እጄን ያዥኝ ብለው መጡ።

«ዑስማኔ፣ አለህ?»

«አለሁ እማ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?»

«ወደ ኋላ መመለስ ቸገረኝ።»

አሮጊቷ የሸማኔ ሚስት፣ የሸማኔ እናት ናቸው። «ሸማው ሲሳሳትብህ አትመልሰውም እንዴ?» አሉት።

«ሸማ እማ፣ አንድ ክር አንድ ክር እየፈታሁ ነው።»

«እንግዲያ ይህንንስ በአንድ ጊዜ ጎትት ማን አለህ?»

ዑስማን ሞተሩ እንዲነሣ ማኒቬላውን የሚያዞር ሰው ለመነ። ሞተሩ ሲነሣ «ቢስሚላህ» ብሎ እጁን ወደ አምስተኛው ቦታ ላከው። ማንም መዳፉን አላሳረፈበትም። ግራውን አነሣ፣ ቀኙን ረገጠ። መኪናዋ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሄደች። ያን ጊዜ ደንግጦ ቆመ፤ ሞተሩም ጠፋ።

«አለህ?»

«አለሁ እማ።»

ማኒቬላው እንደገና ዞረ። ስንዝር ሄዶ ቆመ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሲቆም እየተጠራ፣ ሲጠራ እየመለሰ፣ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋን ከግድግዳው አርቆ መንገድ ላይ አወጣት። ማኒቬላ የሚያዞሩት ሰዎች ላብ በላብ ሆነው ነበር።

«ማክሰኞም ይነዳል ለካ» አለ አንዱ።

ክንዱም ቃሉን አላጠፈም፤ ዑስማን የከተማው እህል ጫኝ ሆነ። ቢሆነኝ ከክረምት በኋላ በደኅና ተመልሶ አነዳዱን ቢያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ና፣ በአንድ ቀን ላስተካክልህ» አለው። «ቅዳሜ ና» አለው ዑስማን። ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ፤ ነገሩም እንዲሁ ቀረ።

ኡምሀኒ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ማንኩሳ ሲሄድ ከጎኑ እያስቀመጠ ይወስዳቸው ነበር። ሞተሩ ሲያጉረመርም፣ ድሮ መደባቸው ላይ እንደሚቀመጡት ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ።

እኔም አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ከጋሽ ዑስማን ጎን ተቀምጬ ነበር። መኪናዋን ወደ ኋላ ስንዝር አስኬዱና ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ደግሞ ስንዝር ሄዱ።