መጋዝ የሚያቆመው ክር

ኮሮና ለሰው ሁሉ መከራ ይዞ መጣ፤ ለእኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ባሌን መለሰልኝ። ሁለታችንም አረብ አገር የአንድ ቤተሰብ ሠራተኞች ነን። እኔ ባኒያስ ባለው ቪላ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ እሱ አል ዐይን ባለው የቴምር እርሻ ውሃ ያጠጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ የምንገናኘው በወር አንዴ ነበር፤ ያውም ማዳም አባቷን ልትጠይቅ ስትሄድ መኪናው ውስጥ ቦታ ከተረፈ። በሽታው ሲገባ ማዳም ከተማ ውስጥ አልቀመጥም ብላ ልጆቿንም እኔንም ጭና አባቷ እርሻ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ወደ ባኒያስ የሚመልሰው መንገድ ተዘጋ። ሰው ሁሉ መቼ ይሆን የሚከፈተው ሲል እኔ በሆዴ ትንሽ ይቆይ እል ነበር። ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

እርሻው ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ልብሱን ነው። ብቻውን በባልዲ እየነከረ፣ እየጨመቀ የለበሰው ሸሚዝ ነጭ ይሁን ቢጫ አይለይም። «ይህን ለብሰህ ነው ሰው ፊት የምትቆመው?» አልኩት።

«ቴምሮቹ እስካሁን ምንም አላሉኝም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱን ልብስ እኔ ያዝኩት። የቤቱን ሥራ ስጨርስ የእሱን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ አስቀምጥለታለሁ። ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው በሞት ወሬ ተከቦ እያለ የባሌን ሸሚዝ በመተኮሴ እንዲህ ደስ መሰኘቴ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ማለዳ ባባ ከቴምሮቹ መሃል ሆነው በከዘራቸው ጠሩን። ባባ የምንላቸው የማዳምን አባት ነው፤ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈዋል። ቀና ሳይሉ «ነይ ስሚ» አሉኝ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ። ከግድግዳ ማዶ አንድ ሰው ተቀምጦ ቆሎ የሚቆረጥም ነው የሚመስለው። ወደ ላይ ሳይ ዝንጣፊው አረንጓዴ፣ ፍሬው የተንዠረገገ ነው። እንዲህ ያለ ጤነኛ ዛፍ ከውስጡ እየተበላ ቆሟል። ቆዳዬ ሽክክ አለ፤ ግን ጆሮዬን ለማንሳት አልቻልኩም፣ እንደገና አዳመጥኩ።

አረቦቹ ሱሳ ይሉታል፤ ቀይ ጥንዚዛ ነው። ትሉ ግንዱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ዛፉ ተቆርጦ ካልተቃጠለ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ባባ የተጠቁትን እየዞሩ ቀይ ቀለም ቀቡባቸው። አሥራ አራት ሆኑ። ብዙዎቹን የተከሏቸው አባታቸው ናቸው። ከሚመለከተው ቢሮ በስልክ የመቁረጥ ፈቃድ ጠይቀው አገኙ፤ በየዓመቱ የሚመጡት ቆራጮች ግን ካምፓቸው ተዘግቶባቸው ሊወጡ አልቻሉም። ባባ ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ትቆርጣለህ?»

«እቆርጣለሁ» አለ፣ ሳያስብ።

ወሎ ሳለን ባሕር ዛፍ በምሳር ሲጥል አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ ነው። የሞተር መጋዝ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሁለቱ ልጆቻችን ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ናቸው። የእሱ እግር ብቻውን የእሱ አይደለም፣ አራት ሰው የቆመበት ነው። ይህን በአማርኛ ሳጉረመርም ባባ ገባቸው መሰለኝ፣ «መጋዙንም የሚለበሰውንም አብራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ፤ አንቺ አረብኛሽ ይሻላል፣ ክርክርም ትችያለሽ» አሉኝ።

ሾፌሩ በአል ጃሂሊ ምሽግ በኩል ወደ ሱቆቹ ወሰደን። ምሽጉ አጠገብ አንድ ሰው የለም። ሌላ ጊዜ መኪና የማይጠፋበት መንገድ ላይ እርግቦች ተሰልፈው ይራመዳሉ፤ መኪናችን ሲመጣ እንኳ ለመነሳት አልቸኮሉም። ሦስታችንም ጭምብላችንን አድርገን በመስኮት እናያለን። ዓለም ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ገብታ ሳትወጣ የቀረች መሰለኝ።

የዕቃ ሱቆቹ ያሉት ሰናኢያ ነው፣ የጋራዦቹ ሰፈር። ባለ ሱቁ ጢሙን በሂና ያቀላ ፓኪስታናዊ ነው። በር ላይ የግንባራችንን ሙቀት ለካና አስገባን። ባሌ ገና ሲገባ ዐይኑ ትልቁ መጋዝ ላይ አረፈ። አንስቶ እንደ ሕፃን ታቀፈው።

«ይህ ነው» አለ።

«ክንድህን ዘርግተህ ያዘው፤ እኔ እቆጥራለሁ» አለው ባለ ሱቁ። ሃያ ሳይደርስ የባሌ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሲደክምህ የሚቆርጠው አንተን ነው» አለና ተቀብሎ መለሰው። የባትሪውንም አነሳን፤ በዚህ ሙቀት ቶሎ ይደክማል አለን። በመጨረሻ መካከለኛ የቤንዚን መጋዝ አወረደልን። የቴምር ግንድ እንደ ሌላው እንጨት አይደለም፣ እርጥብና ጭረት የበዛበት ነው፣ ሰንሰለቱን ያጨናንቃል፣ ቶሎም ያደንዘዋል፤ ስለዚህ ትርፍ ሰንሰለትና ሞረድ ጨመረ። የብረቱን ጫፍ በጣቱ እየነካ «በጫፉ እንጨት እንዳትነካ፤ ወደ ፊትህ ይዘላል» ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገመው።

ከዚያ ወደ ልብሱ አለፍን። ፊትን በወንፊት የሚሸፍን፣ ጆሮንም የሚደፍን የራስ ቆብ፣ ጓንት፣ ጫፉ ብረት ያለው ቦት ጫማ። ለእግር ሁለት ዓይነት አቀረበ። አንዱ ሙሉ ሱሪ ነው፤ ወፍራም፣ በአል ዐይን ሐምሌ ሰውን ቀቅሎ የሚያወጣ። ሌላው ከፊት ብቻ የሚሸፍን፣ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ከኋላ በማሰሪያ የሚያያዝ ነው።

«ሽርጥ ነው እንዴ?» አለ ባሌ እየሳቀ። «ለጨርቅ ምን አስጨነቀሽ፣ እኔ ሱሪ አለኝ።»

ባለ ሱቁ አማርኛ ባይሰማም የባሌ ሳቅ ገባው። ምንም ሳይል ከሱቁ ጀርባ ወሰደን። አንድ ጉማጅ እንጨት ላይ የእንደዚያው ልብስ ቁራጭ ጠቀለለና መጋዙን አስነሳ። ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሰንሰለቱን ጨርቁ ላይ ሲያሳርፈው ዐይኔን ጨፈንኩ። ወዲያው ጸጥ አለ።

ዐይኔን ስገልጥ መጋዙ ቆሟል። ከጨርቁ ውስጥ ረጅም ነጭ ክር ተመዝዞ ወጥቶ፣ እንደ ጥጥ ፈትል የለሰለሰ፣ የሰንሰለቱን ጥርስ ሁሉ ተብትቦታል። ሞተሩ ታንቆ ቀርቷል። እንጨቱን ገልብጠን አየነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ብረት ብረትን ቢያቆም አይገርመኝም ነበር። በጣቴ የምበጥሰው የመሰለኝ ክር ያንን ሁሉ ጩኸት ዝም ማሰኘቱ ግን ገረመኝ። አንዱን ክር ሳብ አድርጌ አየሁት፤ ባሌም አየው፣ መሳቁንም ተወ። ለክርክር የተላክሁ ሴት የተጠየቅሁትን ከፍዬ ወጣሁ። ባለ ሱቁ ከፊት ብቻ የሚሸፍነውን በካርቶኑ ሲያቀብለኝ «ውስጡ ወረቀት አለ፣ አንብቡት» አለኝ። እሺ አልኩት።

ሥራው ሲጀመር ሁላችንም ራቅ ብለን እናይ ነበር። ባባ ወንበራቸውን አስወጥተው ይቀመጣሉ። ባሌ መጀመሪያ ዝንጣፊውን ያወርዳል፣ ከዚያ ግንዱን በሚወድቅበት በኩል ይቀድዳል፣ ከዚያ ዞሮ ከኋላ ይገባበታል። ከመጨረሻው ቆረጣ በፊት ሁልጊዜ ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል። ዛፉ ሲወድቅ ከእግሬ በታች መሬቱ ይነቃነቃል። ባባ ለእያንዳንዱ «ኢንና ሊላህ» ይሉ ነበር፣ ሰው ሲሞት እንደሚባለው። አንዱን ጥሎ፣ ቆራርጦ፣ አቃጥሎ ሌላው ጋ ለመድረስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል።

ማታ ሲገባ ሽርጡ (ስሙ ሽርጥ ሆኖ ቀረ) በግንዱ ውሃ፣ በዘይትና በተጨፈለቀ ትል ተለውሶ ይመጣል። ያ ጊዜ ደግሞ የበረኪና ጊዜ ነው። ማዳም በረኪና በጄሪካን ታስመጣ ነበር። የበር እጀታ በበረኪና፣ የጫማ ሶል በበረኪና፣ የሽንኩርት ከረጢት ሳይቀር በበረኪና። እኔም የባሌን ሽርጥ በፈላ ውሃና በበረኪና ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ፤ በማግስቱ እሱ ግንዱን ሲያቃጥል እስኪደርቅ አሰጣዋለሁ፤ ከዚያ ካውያውን እስከ መጨረሻው አግዬ መስመር አውጥቼ እተኩሰዋለሁ። የሽርጡ ብርቱካናማ ቀለም እየሳሳ ሄዶ ውሃ የበዛበት ሻይ መሰለ። ባሌ ሲታጠቀው «ለዛፍ ቆረጣ ሙሽራ አስመሰልሽኝ» ይለኛል። እኔም ማሰሪያውን እያጠበቅሁ «ዝም ብለህ ቁም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እለዋለሁ። ከእነዚያ ማለዳዎች የሚበልጥብኝ ጊዜ አልነበረኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ዛፍ ቀን የማዳምን የክረምት ልብስ የማኖርበት ካርቶን ፈለግሁ። የመጋዙ ልብስ የመጣበትን አውርጄ ሳራግፈው ወረቀቱ ወደቀ። ጽሑፉ ብዙ ነው፣ ሥዕሎቹ ግን ከላይ ናቸው። ሦስት ማዕዘን አለ፣ በላዩ ኤክስ። ካውያ አለ፣ በላዩ ኤክስ። ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም፤ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ምልክት ነው። በረኪና አታስነኩ፣ አትተኩሱ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ የውስጡ ክር ይሞታል፣ መጋዝ አያቆምም ይላል።

በውጭ መጋዙ ይጮሃል።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጭምብል የለኝ፣ ሻሼ ከራሴ ወርዷል፣ አንድ እግሬ ነጠላ ጫማ የለውም። ብጠራው አይሰማም፣ ጆሮው ተደፍኗል። ከኋላው ሄጄ ብነካው ደንግጦ የሚዞረው ከነመጋዙ ነው። ባባ ከወንበራቸው ተነስተው «ቂፊ! ቂፊ!» (ቁሚ! ቁሚ!) እያሉ ከዘራቸውን ዘረጉብኝ። ዛፉ በማይወድቅበት በኩል ዞሬ ራቅ ብዬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ የማደርገው ነገር አልነበረም፤ ቀና እስኪል መጠበቅ ብቻ። ሰንሰለቱ ከጭኑ አንድ ክንድ አይርቅም። በመሃላቸው ያለው እኔ የተኮስኩት ጨርቅ ነው፣ መስመሩ ከሩቅ ይታየኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ዱዓ አድርጌ አላውቅም፤ ቃሉ ሁሉ ጠፍቶብኝ «ቀና በል፣ ቀና በል» እያልኩ ነበር።

ቀና አለ። ራሴን ተገልጬ አየኝና መጋዙን አጠፋ። የራስ ቆቡን ሲያወልቅ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ልጆቹ ናቸው?» አለኝ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው። ሽርጡን አውልቀው። ተበላሽቷል፣ አይሠራም።»

አላመነኝም። ሽርጡን ፈትቶ የወደቀ ግንድ ላይ ጠቀለለው፣ ባለ ሱቁ እንዳደረገው። መጋዙን አስነስቶ አሳረፈበት። መጋዙ አልቆመም፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። ጨርቁን ዘልቆ ግንዱ ውስጥ ገባ። የወጣው ክር እንደ ጭድ የተሰባበረ ነበር፣ ነፋስ ወሰደው። ባሌ መጋዙን አጥፍቶ ጉድጓዱ ውስጥ እጁን ከተተ፤ እስከ አንጓው ገባለት። ያንን ጨርቅ ታጥቆ አሥራ አንድ ዛፍ ጥሏል። አላህ ሲጠብቅ እንዲህ ነው እንዴ የሚጠብቀው፣ ሰውየው ምንም ሳያውቅ?

ባባ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። «ያ ነጋዴ አታሏችኋል። አሁኑኑ ፖሊስ እጠራለሁ» ብለው ስልካቸውን አወጡ።

«እውነት ነው፣ ያሳየን ሌላ፣ የሸጠልን ሌላ» አለ ባሌም።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀቱ መዳፌ ውስጥ ተጨማዶ ነው ያለው።

«ሰውዬው ምንም አላደረገም» አልኩ፤ መጀመሪያ በአረብኛ ለባባ፣ ከዚያ በአማርኛ ለእሱ። «እኔ ነኝ። በበረኪና እየዘፈዘፍኩ፣ እየተኮስኩ ክሩን ገደልኩት።» ወረቀቱን ሰጠሁት።

ባሌ ንባብ እምብዛም ነው። ሥዕሎቹን አየ። «ይህ ምንድን ነው?»

«በረኪና አታስነኩ።»

«ይህኛውስ?»

«አትተኩሱ።»

«ምልክቱን ታውቂው ነበር?»

«አውቀዋለሁ። የማዳም ልብስ ሁሉ ላይ አለ።»

«የማዳምን ስታጥቢ ታይዋለሽ?»

«አንድም ቀን ሳላይ አጥቤ አላውቅም።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ። «የማዳም ልብስ ቢበላሽ ያባርሩሻላ» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ የራሴን ነገር ለራሴ የሚያስረዳኝ ነበር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንዱ ላይ ተቀመጠ። እኔም ባባ ያሉበትን ረስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጄንም ጭኑ ላይ አሳረፍኩ። ሙቅ ነው፣ በላብ ረጥቧል፣ ምንም አልጎደለበትም። ባባ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡን።